ከቀፊራ እስከ ቦምቤይ፦ የአንዲት የስኳር ክኒን ታሪክና የዋጋዋ ነገር

ቀፊራን የማያውቅ የድሬዳዋ ልጅ የለም። ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የገባ ሰው፣ የቅስት በሮቹን አልፎ ወደ ገበያው ሲዘልቅ ቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው። ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ ከርቤው፣ ሉባንጃው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሶማሌ እናቶች አትክልታቸውን ዘርግተው ይጣራሉ። ሁሉም በየቋንቋው ዋጋ ይከራከራል። "አቦ ቀንስ!" የማይባልበት ዕቃ የለም።

የማንከራከርበት አንድ ነገር ግን አለ፤ መድኃኒት። ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ሦስት ሻጭ ጋር የምትዞር እናት፣ መድኃኒት ቤት ስትገባ የተባለችውን ከፍላ ትወጣለች። ካልሞላላት ደግሞ ዝም ብላ ትመለሳለች። ይህ ዝምታ ከየት መጣ? የምንገዛውን ነገር ስለማናውቀው ነው። ያላወቁትን ነገር ዋጋ መከራከር አይቻልም።

ነገሩን ያነሳሁት በአንዲት የሰፈራችን እናት ምክንያት ነው። ቀፊራ አትክልት እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ስኳር ከተገኘባቸው ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር እንዲወስዱ አዘዘላቸው። እሳቸው ግን ለብዙ ወራት የማታውን ብቻ ሲውጡ ከረሙ። ለማንም አልተናገሩም። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ነው ነገሩ የታወቀው። ለምን እንደቀነሱ ስንጠይቃቸው "የአንድ ወሩ ሁለት ወር እንዲያደርስልኝ ብዬ ነው ልጄ" አሉ።

የሚያሳዝነው ያው መድኃኒት፣ በሌላ ሳጥን ሆኖ፣ በብዙ ቅናሽ እዚያው አካባቢ ይሸጥ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የገዙትን የውጭ አገር ሳጥን በመሐረብ ጠቅልለው እየዞሩ "ይህንኑ ስጡኝ" ነበር የሚሉት። ርካሹን ሲያሳዩዋቸው "ርካሽ አይሠራም" ብለው ይመልሱታል። ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። እኛ ልጆቹም ብንሆን አላወቅንም።

እንግዲህ ይህቺ ክኒን ከየት መጣች? ለምንስ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዋጋ ኖራት? ታሪኩ ረጅም ነው፤ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ክኒኗ ከየት መጣች?

በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ጋሌጋ የሚባል ተክል ይበቅላል። የድሮ ባሕላዊ ሐኪሞች ለተለያየ ሕመም ይጠቀሙበት ነበር። በጎች በብዛት ሲበሉት ግን ይመርዛቸዋል። ኬሚስቶች ቆይተው እንደደረሱበት፣ በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የደም ስኳርን የሚቀንሱ የኬሚካል ቤተሰቦች ዘመድ ነው። ችግሩ መድኃኒትነቱ ከመርዝነቱ ጋር ተቆራኝቶ መገኘቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1922 ዱብሊን ከተማ ውስጥ ኤሚል ቨርነርና ጄምስ ቤል የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ አዲስ ውሁድ በቤተ ሙከራ ሠሩ። ዛሬ ሜትፎርሚን የምንለው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ግን ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተወጋ። ዓለም ሁሉ ፊቱን ወደ ኢንሱሊን አዞረ፤ የዱብሊኑ ግኝት ለዓመታት ተረሳ።

ስለ ኢንሱሊን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ነው የሸጡት። ሰው ለመኖር የሚያስፈልገውን ነገር የአንድ ሰው ብቻ ማድረግ ነውር ነው ብለው ስላመኑ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን ከኪሳቸው በላይ የሆነባቸው ሰዎች በየአገሩ መኖራቸው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። የአንድ ትውልድ ቸርነት ብቻውን ዋጋን አያወርድም፤ በኋላ የሚመጣው ሥርዓትም አብሮ መስተካከል አለበት።

ወደ ክኒናችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ለመድኃኒቱ ያወጣለት የንግድ ስም ግሉኮፋጅ ሲሆን ትርጉሙም "ስኳር በላ" እንደማለት ነው። እንግሊዝ በ1958 ተቀበለችው። አሜሪካ ግን የፈቀደችው በ1994 መጨረሻ ነው። በ1998 በብሪታንያ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ውፍረት ባላቸው የስኳር ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ የልብ ጥቃትንና ሞትን እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ በመላው ዓለም ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ቀዳሚው ክኒን ሆነ።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ጉበታችን ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ይህ ምርት ልኩን ያልፋል። ሜትፎርሚን ጉበቱን ያስታግሰዋል፤ ሰውነትም የራሱን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀም ያግዘዋል። እንደ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ይህ ለድሬዳዋ ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ለዛሬው ጨዋታችን ዋናው ይህ ነው፦ የፈጠራ መብቱ ካለፈ ዘመናት ተቆጥረዋል። ማንም ብቃት ያለው ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል። ስለዚህም በዓለም ላይ ካሉት ርካሽ የሥር የሰደደ ሕመም መድኃኒቶች አንዱ ነው።

አንድ ክኒን፣ ሁለት ስም

እያንዳንዱ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንደኛው የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ በየትኛውም አገር አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ስሞች መመዝገብና ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። "ሜትፎርሚን" እንዲህ ያለ ስም ነው። ሁለተኛው ፋብሪካው ለራሱ ሳጥን ያወጣው የንግድ ስም ነው። ይህ እንደ ፋብሪካው ብዛት ይበዛል። አንዱን ጤፍ በአሥር ጆንያ ሞልቶ በየጆንያው ላይ የተለያየ ስም እንደመጻፍ ነው።

የፈጠራ መብቱ ካለፈ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚያመርቱት መድኃኒት ጄኔሪክ ይባላል። ጄኔሪክ ማለት አስመስሎ የተሠራ ወይም ደካማ ማለት አይደለም። ያው ንጥረ ነገር፣ በዚያው መጠን፣ ወደ ደም በሚገባበት ፍጥነትና ልክም ከመጀመሪያው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ታዲያ ለምን ረከሰ? ፋብሪካው ለምርምሩ ዘመን አላወጣም፤ ስሙን ለማስተዋወቅ አልደከመም፤ ተፎካካሪዎችም ብዙ ናቸው። ቀፊራ ላይ ቲማቲም ሲበዛ ዋጋው እንደሚወርደው ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ መድኃኒቶች የሉም ማለት ግን አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ የደም ማቅጠኛና የእንቅርት መድኃኒቶችን ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ሐኪም ቢያውቀው ይመረጣል። ሜትፎርሚንም ራሱ ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነት አለው፤ እሱና ተራው አንድ አይደሉም። ይህን ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው።

የቀደሙት እንዴት አደረጉት?

የመድኃኒት ዋጋና የሻጩ ታማኝነት የዛሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ የምናውቀው ፋርማሲ፣ ከሐኪሙ ራሱን ችሎ እንደ ሙያ የቆመው፣ በዐባሲያ ዘመን በባግዳድ ነበር። ሙያው ሲስፋፋ አጭበርባሪም በዛ።

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊው ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ አንድ ዘገባ ትቶልናል። የዐባሲያው ጦር አዛዥ አፍሺን በዘመቻ ላይ ሳለ በጦር ሰፈሩ ያሉትን መድኃኒት ሻጮች ሊፈትን ፈለገ። መድኃኒት ያልሆኑ ሃያ ያህል ስሞች መርጦ ሰዎች ላከባቸው። ከሻጮቹ ግማሾቹ "ይህን አላውቀውም፤ የለኝም" አሉ። ሌሎቹ ግን "አለ!" ብለው ብሩን ተቀብለው፣ ከሱቃቸው ያገኙትን ነገር ጠቅልለው ሰጡ። አፍሺን "የለኝም" ላሉት የመሥራት ፈቃድ ሰጣቸው። የቀሩትን ከሰፈሩ አባረራቸው። በየትኛውም ዘመን ጥሩ መድኃኒት ሻጭ የሚለየው "የለኝም" እና "አላውቅም" ማለት በመቻሉ ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሶሪያ ውስጥ አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች፣ ማለትም ለሙሕተሲቦች፣ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ሲጽፍ ለመድኃኒት ሻጮች የራሳቸው ምዕራፍ ለየላቸው። የትኛው መድኃኒት በምን እንደሚቀላቀል፣ የተቀላቀለውም እንዴት እንደሚለይ ይዘረዝራል። ሙሕተሲቡ የዳቦውን ሚዛን እንደሚያየው ሁሉ የመድኃኒቱንም ጥራት ያያል። መድኃኒት ገበያ ውስጥ ይሸጣል፤ ግን ለገበያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም ማለት ነው።

ዋጋውስ? ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ (ያረፉት እ.ኤ.አ. በ925 ነው) "ጠቢብ ለሌለው ሰው" ብለን ልንተረጉመው የምንችል ርዕስ ያለው መጽሐፍ ጽፈዋል። "የድሆች ሕክምና" በሚል ስምም ይታወቃል። የዘመኑ ሐኪሞች ቤተ መንግሥት ውስጥ ብቻ የሚገኙ ውድ መድኃኒቶችን ሲዘረዝሩ፣ ራዚ ግን በየገበያውና በየቤቱ በሚገኝ ነገር ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው ያሳዩት። እዚህ ላይ ሐኪሙ የታማሚውን ኪስ እያሰበ ማዘዙ የሙያው አንድ አካል ሆኖ እናየዋለን።

ካይሮ ውስጥ ደግሞ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ያቆሙት ቢማሪስታን አለ። ቢማሪስታን ማለት የዚያ ዘመን ሆስፒታል ነው። ሱልጣኑ ቀደም ሲል ታመው ደማስቆ በሚገኘው የኑረዲን ሆስፒታል መድኃኒት ታክመው ስለዳኑ፣ አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እኔም እሠራለሁ ብለው ተስለው እንደነበር ይተረካል። ሆስፒታሉ ሀብታም ከድሃ፣ ወንድ ከሴት ሳይለይ ያክም ነበር። መድኃኒቱ በነፃ ነበር፤ ቤታቸው ለተኙ ድሆችም ይላክ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከወቅፍ ነው። የሱቆችና የቤቶች ኪራይ ለሆስፒታሉ ተመድቦለት፣ ሱልጣኑ ከሞቱ በኋላም ሥራው ለዘመናት ቀጠለ። ልብ እንበል፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ምጽዋት አልነበረም። በየወሩ የሚገባ ገቢ ነበር። ሥር የሰደደ ሕመም የሚፈልገውም እሱን ነው፤ ስኳር በየቀኑ ነዋ!

የቦምቤይ መንገድ

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ደረሰና ከተማችን ተቆረቆረች። ከደቻቱ ወዲህ ፈረንሳዮቹ የቀየሱት ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ ነጋዴው የሠራው መጋላ። የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የጉራጌው፣ የአማራው፣ የየመን ዐረቡና የሕንዱ እጅ ያረፈበት ሰፈር ነው። ከሕንዶቹ መካከል ስሙ የገነነው መሐመዳሊ የሚባለው የሙስሊም ነጋዴዎች ድርጅት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሐረር በኩል ገብቶ፣ እስከ አዲስ አበባ ዘልቆ፣ ጣሊያን በ1937 እስኪያባርረው ድረስ ከቦምቤይ ጨርቅና ሸቀጥ ያመጣ ነበር።

የቦምቤይና የድሬዳዋ መንገድ እንግዲህ የቆየ ነው። ዛሬ በዚያው ባሕር፣ በዚያው ጅቡቲ በኩል ከሕንድ ከሚመጡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መድኃኒት ሆኗል። ይህ እንዴት ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1935 ኸዋጃ ዐብዱል ሐሚድ የተባሉ ሙስሊም ኬሚስት ቦምቤይ ውስጥ ሲፕላ የተባለውን የመድኃኒት ፋብሪካ መሠረቱ። ያኔ ሕንድ በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ የመድኃኒት ሕጓም የእንግሊዝ ነበር። ከነፃነት በኋላም ለዓመታት በዚያው ሕግ ቆየች። ሕዝቧ ድሃ፣ የመድኃኒት ዋጋዋ ግን የሀብታም አገር ነበር።

በ1970 ሕንድ አዲስ የፓተንት ሕግ አወጣች። ሕጉ በመድኃኒት ላይ የሚሰጠውን መብት ወደ አሠራሩ ዘዴ ብቻ አወረደው። ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ አንድ ፋብሪካ መድኃኒቱን የሚሠራበት ዘዴ የእሱ ሊሆን ይችል ነበር፤ መድኃኒቱ ራሱ ግን የማንም አልነበረም። ሌላ ኬሚስት በሌላ ዘዴ ከሠራው ይሸጠው ነበር። በዚህ ሕግ የሕንድ ፋብሪካዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ዛሬ በአፍሪካ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ያለው ጄኔሪክ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

የመሥራቹ ልጅ ዩሱፍ ሐሚድ ደግሞ ለአፍሪካ ሌላ ታሪክ ሠራ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ መጨረሻ የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። አፍሪካ ቀባሪ ሆና ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ሲፕላ ሦስቱን መድኃኒቶች በቀን ከአንድ ዶላር በታች፣ በዓመት 350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት አቀርባለሁ አለ። ያን ቀን አንድ እውነት ተጋለጠ፦ መድኃኒቱን መሥራት ያን ያህል ውድ አልነበረም፤ ውዱ መብቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዶሃ፣ ቀጠር ላይ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች የፓተንት ሕግ የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ አወጁ። እኛ አገር የኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ ተጀመረ፤ በ2005 ነፃ ሆነ። በየሰፈራችን ዛሬ በሕይወት ያሉ ስንቶች ከዚህ ታሪክ ጋር ተሳስረዋል!

የባንግላዴሽ ሐኪሞች

ሌላው ምሳሌ ከባንግላዴሽ ነው። ዶክተር ዛፍሩላህ ቾውድሪ እንግሊዝ አገር ቀዶ ሕክምና እየተማሩ ሳለ በ1971 የአገራቸው የነፃነት ጦርነት ሲነሳ ትምህርታቸውን ጥለው ተመለሱ። በጦርነቱ ለቆሰሉት ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ከጦርነቱ በኋላም ለገጠሩ ሕዝብ የጤና ማዕከል አደረጉት። ቆይተው የመድኃኒት ፋብሪካ ጨመሩበት።

እ.ኤ.አ. በ1982 ባንግላዴሽ እሳቸው ዋና አቀንቃኝ የሆኑበትን የመድኃኒት ፖሊሲ አወጣች። የማይጠቅሙና የሚጎዱ የተባሉ ወደ 1,700 የሚጠጉ ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ተወሰነ። አስፈላጊ መድኃኒቶች ተለይተው ዋጋቸው ቁጥጥር ተደረገበት። የውጭ ኩባንያዎችና አንዳንድ መንግሥታት ተቆጡ፤ የአገሩ የሐኪሞች ማኅበርም ተቃወማቸው። ዛሬ ግን ባንግላዴሽ የምትጠቀመውን መድኃኒት ብዙውን ራሷ ታመርታለች፤ ለሌላም ትልካለች። ዶክተር ዛፍሩላህ በ2023 አርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከዚህ የምንማረው ድሃ መሆን ብቻውን ውድ መድኃኒት ለመግዛት እንደማያስገድድ ነው።

በእኛ አገርስ?

ኢትዮጵያ መድኃኒትን በሕግ መቆጣጠር የጀመረችው ዘግይታ አይደለም። የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ኢፋርም የምንለው፣ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። በ1993 የአገሪቱ የመድኃኒት ፖሊሲ ወጣ። በ2007 ፋርሚድ ይባል የነበረው ድርጅት ቀርቶ፣ ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት በጅምላ የሚገዛና የሚያከፋፍል ኤጀንሲ ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል፤ ድሬዳዋም ቅርንጫፍ አለው። ጥራትና ምዝገባን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

የጅምላ ግዢ ጥቅሙ ቀላል ነው። አንድ ጆንያ ሽንኩርት የሚገዛና አንድ ኪሎ የሚገዛ እኩል ዋጋ አይከፍሉም። ለመላው አገር የሚበቃ ሜትፎርሚን በአንድ ጨረታ ሲገዛ ዋጋው ይወርዳል። የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከግሉ የሚረክሰው ለዚህ ነው። ችግሩ ሲጠፋ ነው። "እዚህ የለም፤ ከውጭ ግዙ" ሲባል ሕመምተኛው የጅምላውን ዋጋ ትቶ ወደ ችርቻሮው ይገባል።

ዛሬ ታዲያ ዋጋው ለምን ወደደ?

ሜትፎርሚንን በተመለከተ ጥፋቱ የፓተንት አይደለም። መንገዱን እንከተለው። ክኒኗ ሕንድ ወይም አውሮፓ ትመረታለች፤ በመርከብ ጅቡቲ ትደርሳለች፤ አስመጪው የውጭ ምንዛሪ አግኝቶ ይከፍልባታል፤ ከዚያ አከፋፋይ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ትርፍና ወጪ ይጨመራል። መነሻው ትልቅ ከሆነ የሚጨመረውም ትልቅ ነው። ለዚህ ነው የታወቀው ስም ሳጥን ከጄኔሪኩ ጋር ያለው ልዩነት ቀፊራ ሲደርስ እየሰፋ የሚሄደው።

በዚህ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የዶላሩ ጭማሪ ክኒኗ ላይ ይታያል። አስመጪው ምንዛሪ ሲያጣ ደግሞ መድኃኒቱ ይጠፋል። ሲጠፋም የኮንትሮባንዱ በር ይከፈታል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለምሥራቁ ሰው አደጋ አለ። ከተማችን የኮንትሮባንድ ዕቃ መተላለፊያ መሆኗን ማንም ያውቃል። ጫማና ሬዲዮ በኮንትሮባንድ ቢገባ ጉዳቱ የቀረጥ ነው። መድኃኒት ሲሆን ግን ያልተመዘገበ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ በበረሃ ፀሐይ በጭነት ላይ የሰነበተ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ጄኔሪክና ርካሽ ኮንትሮባንድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተመዝግቦ ተመርምሮ የገባ ነው። የአፍሺንን ሻጮች እናስታውስ፤ ሁሉን "አለኝ" የሚል ሰው አያሳምንም።

ምን እናድርግ?

ለውድ ወንድሞችና እህቶች የማካፍለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ትንሿን ጽሑፍ እናንብብ። በሳጥኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው የንግድ ስም ሥር የመድኃኒቱ የራሱ ስምና መጠን በትንሹ ይጻፋል። ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ካለ፣ ሁለቱም ሳጥን ላይ ያው ከሆነ፣ የሚቀረው የዋጋ ጥያቄ ነው። እናቶቻችን ይህን ማንበብ ካልቻሉ እኛ እናንብብላቸው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙን እንንገረው። "ዶክተር፣ ይህን በየወሩ መግዛት አልችልም" ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሙ በመድኃኒቱ ስም ሊጽፍልን፣ ከአንድ በላይ አማራጭ ካለ የሚረክሰውን ሊመርጥልን ይችላል። ካልነገርነው አያውቅም።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ የመንግሥት ተቋማትን እንጠይቅ። ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም የየሰፈራችን ጤና ጣቢያ ፋርማሲ መድኃኒቱ ካለ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይረክሳል። በአንዳንድ ከተሞች የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችም አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት የግል ፋርማሲ ዋጋ ማወዳደር። ለቲማቲም የምናደርገውን ለመድኃኒትም እናድርግ።

አራተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን። በአገራችን በ2011 በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው የታሰበው፤ ለቀፊራ ነጋዴ ማለት ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መዝጋቢውም ቀበሌ ነው። ሳንታመም መመዝገብ ነው ቁም ነገሩ።

አምስተኛ፣ ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒት አንቀንስ፣ አናቁም። ሜትፎርሚን ግማሹ ሲወሰድ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሕመም አይሰማም፤ ጉዳቱ ግን ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ላይ ይደርሳል። ዛሬ የተቆጠበው ብር ነገ ለቁስልና ለቀዶ ሕክምና ይወጣል። ኩላሊት የደከመበት ሰውም መጠኑን ከሐኪም ጋር መወሰን አለበት። ረመዷን ሲደርስ ክኒኑን ለኢፍጣርና ለሱሑር እንዴት እንደምናከፋፍለው፣ መጾም የምንችል መሆናችንንም ጭምር፣ ቀድመን ሐኪም እንጠይቅ። አብሽና ጥቁር አዝሙድ ምግብ ሆነው ይቀጥሉ፤ የሐኪሙን ክኒን ግን አይተኩ።

ስድስተኛ፣ የወቅፍን ሐሳብ እናስበው። አንድ ጀመዓ፣ ወይም የአንድ ሰፈር ወጣቶች፣ በየወሩ ትንሽ እያዋጡ የአምስት ስኳር ሕመምተኞችን የመድን መዋጮ ወይም የጄኔሪክ ዋጋ መሸፈን አያቅታቸውም። ቀላውን ሱልጣን ነበሩ፤ እኛ አይደለንም። ግን የአንድ ወር ሜትፎርሚን የሱልጣን ሀብት አይጠይቅም። ለታመመ ሰው በየጊዜው ማሰባሰብ ባህላችን ነው፤ የሚጎድለው ከመታመሙ በፊት፣ በየወሩ ማድረጉ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

የሰፈራችን እናት ነገር በዚህ ተቋጨ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ፋርማሲስት ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በትንሹ የተጻፈውን በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው። "አንድ ነው እማ፤ ጆንያው ነው የተለየው" አላቸው። ሳጥኖቹን ገለባብጠው ዐዩ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለጆንያው ነው ስከፍል የኖርኩት?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም ይወስዳሉ። ቁስሉ ጊዜ ወሰደ፤ አልሐምዱሊላህ እግራቸው ተረፈ። ሁለት ጣቶቻቸው ግን እስካሁን ስሜት የላቸውም። የጠፋው ጊዜ ሁሉ አይመለስም።

ከጋሌጋ ቅጠል ዱብሊን፣ ከዱብሊን ፓሪስ፣ ከዚያም በቦምቤይና በጅቡቲ በኩል ቀፊራ። ብዙ ሰው የደከመባት ክኒን ናት። የመጨረሻው አጭር መንገድ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ እናታችን እጅ ያለው፣ የቀረው ለእኛ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እናትህ ወይም አባትሽ ማዘዣ ይዘው ሲወጡ አብራችሁ ሂዱ። ሳጥኑን አንብቡላቸው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን።